የምሥራች ይዞ የመጣው ሽማግሌ

የግሪኮችን አሳዛኝ ተውኔት ሳነብ ሳቄ የሚመጣው በማይሳቅበት ቦታ ነው። ሰሞኑን የሶፎክለስን «ንጉሥ ኤዲፐስ» እንደገና አነሳሁት። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ አባቱን ገደለ፣ እናቱን አገባ፣ ነገሩን ሲያውቅ ዓይኑን አጠፋ። እኔን በዚህኛው ንባብ የያዘኝ ግን ንጉሡ አይደለም። ከቆሮንቶስ የመጣ አንድ ስም የለሽ ሽማግሌ ነው።

ሽማግሌው ወሬ ይዞ ኤዲፐስ እስከሚነግሥባት ከተማ እስከ ቴብስ ድረስ ገስግሷል። የቆሮንቶስ ንጉሥ ፖሊቡስ ሞቷል፤ ሕዝቡ ልጁን ኤዲፐስን ሊያነግሥ ነው እየተባለ ነው። ለምን እንደመጣ ሲጠየቅ አይዋሽም። አገርህ ገብተህ ስትነግሥ አንድ ነገር ባገኝ ብዬ ነው ይላል። እኛ ዘንድ ቢሆን «የምሥራች!» ብሎ በር ላይ ቆሞ «ምስር ብላ» እስኪባል የሚጠብቅ ሰው ነበር። ደስ የሚል ሽማግሌ ነው። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

የኤዲፐስ ሚስት ንግሥት ዮካስታ ወሬውን ስትሰማ ፈነጠዘች። ኤዲፐስ ከቆሮንቶስ የጠፋው «አባትህን ትገድላለህ፣ እናትህን ታገባለህ» ስለተባለ ነው። ይኸው አባትየው ዕድሜ ጠግቦ ሞተ! ታዲያ የአማልክቱ ትንቢት የት ገባ? ኤዲፐስም ቀለል አለው። አንድ ነገር ብቻ ቀረችው። እናቱ ሜሮፔ በሕይወት አለች። እሷ እያለች ቆሮንቶስን አልረግጥም አለ።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ! የሰው ጭንቀት ማየት አይችልማ። «ይህን ያህል ጊዜ የሰጋኸው በዚህ ነው? ፖሊቡስ እኮ አባትህ አይደለም» ይለዋል። ሊያረጋጋው ነው። ከእረኛ እጅ ተቀብዬ ለንጉሡ የሰጠሁህ እኔው ነኝ ብሎ ደግሞ ይጨምርበታል። ዮካስታ ቀድማ ገባት። በቃ ተው፣ አትጠይቅ ብላ ለመነችው። እንቢ አለ። እሷም ወደ ውስጥ ገብታ ራሷን ሰቀለች። አየር ላይ የቀረው የሽማግሌው ጉርሻ ነው። እኔ የሳቅኩት እዚህ ጋ ነው። ደግሜ ሳነበውም ሳቅኩ።

ከዚያ ነገሩን ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ጨቅላው የሦስት ቀን ልጅ ሳይሞላ ቁርጭምጭሚቱን በስተው፣ ኪታይሮን ተራራ ላይ ጥለኸው ና ብለው ለእረኛ የሰጡት ወላጆቹ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ጭካኔ አለ። ከዚህ በኋላ ግን ፈልጌ አጣሁ። እረኛው መጣል አቃተው። ለምን ሌላ ሰው ጋ እንደሰጠው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ አሳዘነኝ። በተራራው በዚያኛው በኩል ከብት የሚያግደው የቆሮንቶስ ሰው ተቀበለው። ያ ሰው ይኸው የምሥራች አምጪው ሽማግሌ ነው። ልጅ የሌላቸው ንጉሥና ንግሥት እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳደጉት፤ እንዳይከፋውም ምንም አልነገሩትም። ኤዲፐስ ራሱ አገሩን ጥሎ የጠፋው ወላጆቼን እንዳልጎዳ ብሎ ነው። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንኳ ጨካኝ ቢሆን ትንቢቱ ባዶ ይቀር ነበር። የትንቢቱ አምላክ አፖሎ ጣቱን ማንሳት አላስፈለገውም። ሥራውን ሁሉ የሠሩለት ደጋጎች ናቸው።

ለአክስቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ቆይ። አባትህን ትገድላለህ የተባለ ሰው፣ መንገድ ላይ ባገኘው ሽማግሌ ላይ እጁን ያነሳል?»

«አባቱ መሆኑን አላወቀማ፣ እቴቴ።»

«ባያውቅስ! እንዲህ የተባለ ሰው በዕድሜ የሚበልጠውን ወንድ ሁሉ ጉልበት ስሞ ነው የሚያልፈው። እናትህን ታገባለህ ተብሎስ እናቱን የምታክል መበለት ያገባል? ልትሞት የደረሰች አይጥ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ማለት ይሄ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። የጠየቀችው ብዙ ሊቃውንት የሚከራከሩበትን ነው። ወደ መጽሐፉ ተመልሼ ግድያው ያለበትን ቦታ ፈለግኩ። ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ኤዲፐስ በእግሩ ነው፤ ከፊቱ አንድ ሽማግሌ የተቀመጠበት ሰረገላ ይመጣል። ከፊት የሚሄደው ሰውና ሽማግሌው ከመንገዱ ሊያስወጡት ይገፉታል። እሱ ሰረገላውን የሚነዳውን ሰው ይመታዋል። ሽማግሌው አድፍጦ፣ በሰረገላው ጎን ሲያልፍ ጠብቆ፣ ሁለት ሹል ባለው የከብት መንጃ አናቱን ይለዋል። ኤዲፐስ በያዘው በትር አንዴ ሲያሳርፍበት ሽማግሌው ከሰረገላው ተንከባሎ ወደቀ። «ሁሉንም ገደልኳቸው» ይላል፣ ያለ ብዙ ሐተታ።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ጉድ መነሻ የመንገድ ቅድሚያ ነው። መገናኛ ላይ መስታወት አውርደው «አሳልፈኝ»፣ «አላሳልፍም» የሚባባሉትን ሾፌሮች ተመልከቱ፤ አባትና ልጁ ናቸው። ቁጣቸው እንኳ አንድ ዓይነት ነው። አክስቴ ልክ ናት፣ ሰውየው ጥንቁቅ አልነበረም። ትንቢቱን የሸሸው በእግሩ ነው፤ ግልፍተኝነቱን ግን ይዞት ነው የሄደው።

ደግሞ «ሁሉንም» ያለው ውሸት ነው፣ ሳያውቅ። አንድ ሰው አምልጧል። ያ ሰው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጨቅላውን ያልጣለው እረኛ። ቴብስ ሲደርስ ኤዲፐስ ዙፋን ላይ ተቀምጦ አገኘው። ምንም አልተነፈሰም። ንግሥቲቱን እጇን ይዞ፣ ከተማው ወደማይታይበት መስክ ላኪኝ ብሎ ለመነ። ለብቻው አንድ ተውኔት የሚወጣው ሰው ነው። ሶፎክለስ ግን ጥቂት መስመር ሰጥቶት አለፈ።

የአቴንስ ተመልካች ይህን ሁሉ ከቤቱ አውቆ ነው የሚመጣው። ኤዲፐስ ገና መጀመሪያ ላይ ተነስቶ የላይዮስን፣ መንገድ ላይ የተገደለውን የቀድሞ ንጉሥ፣ ገዳይ ይራገማል፤ ለሟቹ እንደ ገዛ አባቴ እቆምለታለሁ ይላል። ሰሙን እሱ ይናገራል፣ ወርቁን ተመልካቹ ይሰማል። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው፣ እዚህ ባለቅኔው ራሱ ወርቁን አለማወቁ ነው።

ይህ ተውኔት በውድድሩ አንደኛ እንዳልወጣ ታውቃላችሁ? ከጥንት የደረሰን ወሬ እንደሚለው ያሸነፈው ፊሎክለስ ነው፣ የታላቁ የተውኔት ደራሲ የአይስኪሎስ የእህት ልጅ። ከፊሎክለስ ተውኔቶች አንድም ሙሉ ሆኖ ለእኛ አልደረሰም። የአቴንስ ዳኞችን ለመውቀስ ግን አልቸኩልም። በዲዮኒሶስ በዓል አንድ ደራሲ ሦስት አሳዛኝ ተውኔት ያቀርብና አራተኛውን በሳቅ ይዘጋል። የፈረስ ጅራት ያላቸው ሰካራም ሳቲሮች መድረኩን ይሞሉታል። ሲያለቅስ የዋለው ሕዝብ እዚያው ተቀምጦ ይስቃል። ከነዚህ የሳቲር ተውኔቶች ሙሉውን የደረሰን የኤውሪፒደስ «ኪክሎፕስ» ብቻ ነው። እኔ ያለቦታው እየሳቅኩ አፍር ነበር፤ እነሱ ግን ለሳቁ ሰዓት መድበውለታል።

አክስቴ በኋላ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ብላ ነገሩን ቋጨችው። እኔ አልተዋጠልኝም። ተረቱ የሚያወራው ስለ ፍርሃት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግነቱ ነው። ግሪኮች ደግነትን እንዲህ የሚያሾፉበት በየቦታው ነው። የንጋት አምላኳ ኤኦስ ሰው ወደደች፣ ቲቶኖስን። አይሙትብኝ ብላ ዜውስን ለመነች፤ ዜውስም እሺ አለ። አያርጅብኝ ማለቱን ረሳችው። ሰውየው እየጃጀ፣ እየጃጀ፣ መንቀሳቀስ አቃተው። ክፍል ውስጥ አስተኝታው በሩን ዘጋችበት። ድምፁ ብቻ ሳያቋርጥ ይሰማል። የእነዚህ ባልና ሚስት ልጅ፣ ትሮይን ለማዳን ዘምቶ በአኪለስ እጅ የሞተው የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን ነው።

ኢትዮጵያውያን ካልኩ አይቀር፣ በሆሜር «ኦዲሴይ» መጀመሪያ ላይ ያለችውን ነገር እወዳታለሁ። ባሕሩን የሚገዛው ፖሴይዶን ከጦርነት የሚመለሰውን ኦዲሴዎስን አገሩ እንዳይገባ አግዶታል። ታዲያ አንድ ቀን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ይሄዳል፤ በሬና በግ ታርዶለት ይጫወታል። ሌሎቹ አማልክት እሱ በሌለበት ተሰብስበው ኦዲሴዎስ አገሩ ይግባ ብለው ወሰኑ። ሲመለስ ሰውየውን በታንኳ ባሕር ላይ አየው። እኔ ኢትዮጵያውያን ጋ ሄጄ ሳለሁ ነው ሐሳብ የለወጡት ብሎ ጨሰ። የሆሜር ኢትዮጵያውያን የምድር ዳርቻ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ ካለው ካርታ ጋር አንድ ማድረግ አይቻልም። ቢሆንም እንግዳ አጥግቦ መያዝ አንድ ጊዜ ሰው ማዳኑን ሳነብ ደስ አለኝ።

ሳቄ የጠፋው የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ላይ ነው። የሊዲያው ንጉሥ ክሮኢሶስ ልጁ አቲስ በብረት ጦር ሲሞት በሕልሙ አየ። የጦር መሣሪያ ሁሉ ከግድግዳ አስወርዶ መጋዘን አስገባ። ልጁን ዳረው፤ ከዘመቻ አስቀረው። በዚሁ ሰሞን አድራስቶስ የሚባል ስደተኛ መጣ። ሳያስበው ወንድሙን ገድሎ ከአገሩ የተባረረ ነው። ክሮኢሶስ በሥርዓቱ አነጻው፤ ቤቱም አኖረው። ከዚያ ሰብል የሚያጠፋ ከርከሮ ተነሳና ልጁ አደን ልሂድ አለ። አባት እንቢ አለ። ልጁ ግን ብልህ ነበር፤ ያየኸው የብረት ጦር ነው፣ ከርከሮ የብረት ጦር ይይዛል እንዴ አለው። ክርክሩ ልክ ነው። አባትም ተረታ። ልጁን እንዲጠብቅለትም ያን ውለታ ያለበትን እንግዳ አብሮ ላከ።

አድራስቶስ ጦሩን ወደ ከርከሮው ወረወረ። ከርከሮውን ሳተ፣ አቲስን አገኘ።

ከሬሳው ኋላ መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ እዚሁ ልጅህ ላይ እረደኝ አለ። ክሮኢሶስ አዘነለት። ጥፋቱ የአንተ አይደለም፣ የአንድ አምላክ ሥራ ነው አለው። ይቅርታው አላዳነውም። ሰው ከመቃብሩ ሲበተን አድራስቶስ እዚያው ራሱን ገደለ። ክሮኢሶስ ቢረግመው፣ ቢያባርረው ኖሮ ምናልባት ይኖር ነበር እላለሁ። ሌላ ቤት፣ ሌላ አገር ይፈልግ ነበር።

ክሮኢሶስ ሁለት ዓመት አዘነ። ፋርስ እየገነነች ስትመጣ ኀዘኑን ትቶ ወደ ጠንቋዮች ላከ። መጀመሪያ ግን ፈተናቸው። በመቶኛው ቀን እኔ ምን እየሠራሁ ነው በሏቸው አለ። በዕለቱ የኤሊና የጠቦት ሥጋ በናስ ድስት ይቀቅል ነበር፤ ማን ይገምተዋል? የአፖሎ ትንቢት የሚነገርባት ዴልፊ ግን አገኘችው። ስጦታውን አጎረፈላት፤ ከወርቅና ከነጭ ወርቅ የተሠሩ 117 ጡቦች፣ በዚያ ላይ የወርቅ አንበሳ። ከዚያ ዋናውን ጥያቄ ጠየቀ። ፋርስን ብትወጋ ታላቅ መንግሥት ትጥላለህ ተባለ። ወጋ። የወደቀው የራሱ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ546 አካባቢ።

ለፈተናው ያን ያህል የተጠበበ ሰው «የማን መንግሥት?» ብሎ አልጠየቀም። ከተማረከ በኋላ የታሰረበትን ሰንሰለት ወደ ዴልፊ ልኮ አፖሎን አታፍርም ወይ አስባለው። መልሱ መጣ። የማን እንደሆነ ደግመህ መጠየቅ ነበረብህ፤ ደግሞም አምላኩ አልረሳህም፤ ጥፋቱ በልጆችህ ዘመን እንዲሆን ለምኖልህ የዕጣ ፈንታ አማልክቱ አልሰሙትም፤ ቢሆንም ሦስት ዓመት አዘግይቶልሃል። ክሮኢሶስ ይህን ሲሰማ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አመነ። እኔ ብሆን ጡቦቹን መልሱልኝ እል ነበር።