ጣሪያው ሲከፈት ንፋሱ ከኋላ ነው የሚመጣው፦ የንፋስ መከላከያ ገጠማ ማስታወሻ

ባለሁለት መቀመጫ ስፖርት መኪና ጣሪያው ተከፍቶ ሲነዳ አንገትን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ከፊት የሚመጣ ይመስላል። ከፊት የሚመጣውን ግን ፓራብሬዙ ጨርሶታል። ፓራብሬዙ አናት ላይ የደረሰው አየር ጠርዙን ለቅቆ ወደ ኋላ ይወረወራል፤ ከሥሩ፣ ከመቀመጫዎቹ በላይና ጀርባ፣ ግፊቱ የወረደ ኪስ ይፈጠራል። አየር ግፊት ወዳነሰበት ይሮጣልና የኋላ ክዳኑን ከነካው ከፊሉ ተጠማዝዞ በመቀመጫዎቹ መሃልና በትከሻ በኩል ወደ ፊት ይመለሳል። ረጅም ፀጉር ወደ ኋላ በመተኛት ፋንታ ወደ ፊት እየመጣ ዓይን የሚሸፍነው ለዚህ ነው።

ይህ ያልገባው የገጠማ ባለሙያ ሁሉን ነገር በቁመት ሊፈታ ይሞክራል። ከመቀመጫዎቹ ጀርባ የሚቆመውን የንፋስ መከላከያ ፓነል ከፍ ሲያደርግ ጩኸትና መርገብገብ ይጨምራል፣ የኋላ እይታ ይበላሻል፣ ወገብ ላይ የሚገባው ብርድ ግን እንዳለ ይቀራል። መርሰዲስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው አር129 ኤስኤል በተባለ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ላይ የንፋስ መከላከያ መረቡን ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ነበር ያቆመው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሌላው መኪናው በኤስኤልኬ ላይ የመጣው ኤርስካርፍ የተባለ የአንገት ማሞቂያም ሞቃት አየር የሚነፋው ከራስ መደገፊያው ሥር፣ ወደ አንገት ነው። ችግሩ የት እንዳለ ከዚህ ይገባል።

ስለዚህ ሥራው በክር ይጀምራል። የሱፍ ክር 15 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡና በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፦ በራስ መደገፊያዎቹ ሁለት ጎን፣ በመቀመጫዎቹ መሃል ባለው ክፍተት ከላይና ከታች፣ በበሩና በመቀመጫው መካከል፣ በኋላ ክዳኑ ጠርዝ። 12 ክር ይበቃል። በ60፣ በ80 እና በ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ንዱ፤ ክሩን የሚያየው ተሳፋሪው ነው፣ ሹፌሩ መንገዱን ይይ። ጫፉ ወደ ፊት የዞረ ክር ሁሉ ተመላሽ ንፋስ የሚገባበት በር ነው። ዝም ብሎ የሚሽከረከረው ደግሞ የሁለት ንፋስ መገናኛ ላይ ነው ያለው። ንድፍ ላይ በቀስት አስቀምጡት፣ በኋላ ለማወዳደር ያስፈልጋል።

መረብ ወይስ ፓነል? መረብ ንፋሱን አያቆመውም፣ ያደክመዋል፤ አይጮህም፣ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ለአራት መቀመጫ መኪና ከኋላ መቀመጫው በላይ ለመዘርጋት ከዚህ የተሻለ የለም። ጉዳቱ በኋላ ማሳያ መስታወት ሲታይ ሁሉን ነገር ማደብዘዙ ነው፣ በተለይ ማታ። ባለሁለት መቀመጫ ላይ በሮል ባሮቹ (መኪና ሲገለበጥ ጭንቅላትን የሚከላከሉ፣ ከመቀመጫ ጀርባ ያሉ የብረት ቅስቶች) መካከል የሚቆም ብርሃን አስተላላፊ ፓነል ይመረጣል። መስታወት ከሚመስሉት ሁለት ፕላስቲኮች ከአክሪሊክ ይልቅ ፖሊካርቦኔት ብትጠቀሙ ይሻላል። አክሪሊክ ጭረት በተሻለ ይችላል፣ ያብረቀርቃል፣ ግን ሲሰበር ስለታም ስባሪ ይሆናል፤ የሚቆመውም ከጭንቅላት ጀርባ ነው። ፖሊካርቦኔት ስትገዙ ጭረት የሚከላከል ሽፋንና የፀሐይ ጨረር መከላከያ ያለውን ምረጡ፣ ያለዚያ ይጫጫራል፣ ውሎ አድሮም ይቢጫል። መከላከያው በአንድ ፊት ብቻ ከሆነ የትኛው እንደሆነ ፓነሉ ተሸፍኖ በሚመጣበት ላስቲክ ላይ ተጽፏል፤ ላስቲኩን ከመላጣችሁ በፊት በማርከር ምልክት አድርጉና ያንን ፊት ወደ ኋላ አዙሩት።

ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። 3 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ሲጨምር ይርገበገባል። 90 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ5 ሚሊ ሜትር ፓነል 1.9 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሙሉ ንፋስ ፊት ለፊት ቢያርፍበት ከ15 ኪሎ ያላነሰ ክብደት እንደተጫነው ነው፤ በ120 ከ20 ያልፋል፣ ምክንያቱም ግፊቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ፓራብሬዙ ስለሚከልለው ይህን ሁሉ አይሸከምም፣ አሳሰሩ ግን ለዚህ መታሰብ አለበት።

ልኩን በካርቶን አውጡ፣ በሜትር ብቻ አትመኑ። ካርቶኑን በሮል ባሮቹ መካከል አቁማችሁ ጣሪያውን ቀስ ብላችሁ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ዝጉም፤ ሸራው ወይም ክንዱ ካርቶኑን የሚነካበት ቦታ ካለ በሁሉም ዙሪያ 15 ሚሊ ሜትር እስኪተርፍ ድረስ ከርክሙ። የደህንነት ቀበቶውንም ሳቡት፣ ልቀቁት፤ ቀበቶ ጠርዝ ላይ የሚታሽ ከሆነ ቅርጹ ይቀየር፣ ቀበቶው አይነካም። የላይኛው ጠርዝ በጆሮ ቁመት ግድም ቢያበቃ ጥሩ ነው፣ ከሮል ባሩ አናት ግን በምንም ዓይነት አይለፍ። አደጋ ሲደርስ ከመቀመጫ ጀርባ የሚወነጨፍ ሮል ባር ያለው መኪና ከሆነ በላዩም በመንገዱም ላይ ምንም ነገር አይታሰርም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ለሞዴሉ ተብሎ የተሠራውን መረብ መግዛት ነው።

መቁረጡ ቀላል ነው፦ ላስቲኩ ሳይነሳ፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ቀስ ብሎ። ፍጥነት ከበዛ የቀለጠው ብናኝ ከኋላ ተመልሶ ይጣበቃል። ማዕዘኖቹን ቢያንስ በ10 ሚሊ ሜትር ራዲየስ አዙሩ፤ ጠርዙን በ240፣ በ400፣ ከዚያ በ600 የብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ያልለሰለሰ ጠርዝ ለስንጥቅ መነሻ ነው።

ገጠማ በአብዛኛው የሚበላሸው ቀዳዳው ላይ ነው። ፖሊካርቦኔትም አክሪሊክም በአንድ ሜትር ርዝመት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣሉ፤ የአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ነው። በ80 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ማሰሪያዎች ያሉት ፓነል ከ10 ዲግሪ ጠዋት ተነስቶ ፀሐይ ላይ 50 ሲደርስ 2.2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ልክክ ባለ ቀዳዳ የታሰረ ፓነል ያንን ርዝመት የት ያድርገው? ይጎብጣል፣ ወይ ከቀዳዳው ጀምሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለ6 ሚሊ ሜትር ብሎን በአንዱ ጎን 8 ሚሊ ሜትር ክብ ቀዳዳ፣ በሌላው ጎን ስፋቱ 8 ርዝመቱ 12 የሆነ ሞላላ ቀዳዳ አውጡ። የቀዳዳው ጫፍ ከፓነሉ ጠርዝ ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር ይራቅ።

ስትበሱ ከሥሩ እንጨት አድርጉ፣ በሁለት መቆንጠጫ ያዙት፤ ትራፓኖው በዝግታ ይዙር፣ ፑንታው (መብሻው) በሌላው ጎን ብቅ ከማለቱ በፊት ግፊቱን ቀንሱ። በትንሽ ፑንታ ጀምሮ በ4፣ በ6፣ በ8 ማስፋት አንድ ጊዜ ከመብሳት ይሻላል። ለማቀዝቀዝ ውሃ እንጂ ዘይት አትጠቀሙ፤ አንዳንድ የመቁረጫ ዘይት ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቃል።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ብሎን እንዳይላላ ተብሎ የሚቀባው ቀይና ሰማያዊ ፈሳሽ። ለብረት የተሠራ ነው። ፕላስቲኩ ላይ ሲፈስ ከቀዳዳው ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ደቃቅ ስንጥቆች ይፈነጥቃሉ፣ አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ። መፍትሔው ውስጡ ናይለን ያለው ዳዶ ነው። በፓነሉ ሁለት ፊት የጎማ ሮንደላ፣ ከላዩ ሰፊ የብረት ሮንደላ፣ ከዚያ ዳዶው። የሚጠብቀው ጎማው በትንሹ እስኪጨመቅ ብቻ ነው፤ ፓነሉ በእጅ ሲገፋ በሞላላው ቀዳዳ በኩል መንሸራተት ካልቻለ በዝቷል ማለት ነው።

ሮል ባሩን ግን አትብሱ፣ አትበይዱ። ሕይወት የሚያድን ብረት ነው፣ ቀዳዳ ያዳክመዋል። በባሩ ዲያሜትር ልክ የሆነ ባለሁለት ግማሽ ክላምፕ (ባሩን ዙሪያውን የሚቆነጥጥ ማሰሪያ) ተጠቀሙ፣ በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት፤ በክላምፑና በባሩ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ጎማ ይግባ። በቬልክሮ ማሰሪያ መያዝም ይቻላል፣ ለመረብ በቂ ነው፤ ለፓነል ግን በፀሐይ ይላላልና ብቻውን አይታመንም።

አሁን ወደ ክሮቹ ተመለሱ። በተመሳሳይ ፍጥነት ደግማችሁ ንዱ። ብዙውን ጊዜ የላይኞቹ ክሮች ይረጋጋሉ፣ የታችኞቹ ግን አሁንም ወደ ፊት ይመለከታሉ። የ4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት በፓነሉ ሥር ከቀረ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት መጨመር አይተካውም። ክፍተቱን ውሃ በማይመጥ ስፖንጅ ዝጉ፤ ከፓነሉ ጋር ይጣበቅ፣ ከመኪናው ጋር ሳይሆን፣ ሲወልቅ አብሮ እንዲወጣ። በሮል ባሩ ቀለበት ውስጥ ያለው ባዶ ቦታም ያፈስሳል፤ ለእሱ ትንንሽ ፓነል ወይም መረብ ይቆረጣል።

ፉጨት ከተሰማ ምንጩ ስለት የሆነው የላይኛው ጠርዝ ነው፤ ዩ ቅርጽ ያለው የጎማ ጠርዝ ሲለብስ ያቆማል። በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ጆሮ የሚጫን ድምድምታ ካለ የመኪናው ውስጥ እንደ ከበሮ እያስተጋባ ነው፤ መስኮቶቹን ሁለት ጣት ያህል ማውረድ ወይም የታችኛውን ስፖንጅ መሃል ላይ በ5 ሴንቲ ሜትር መክፈት ይሰብረዋል። አዎ፣ አሁን ዝጉ ያልነውን ክፍተት። ሙሉ በሙሉ የታሸገ ፓነል ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም፣ መጠኑን በሙከራ ነው የምታገኙት። መንቀጭቀጭ ከሆነ ዳዶ ነው፤ ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም አንድ ጊዜ ፈትሹ፣ ጎማው ይቀመጣልና።

አነዳድ ላይ፦ የጎን መስኮቶች ተነስተው ፓነሉ ሲኖር ነው ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው። መስኮት ወርዶ ከሆነ ንፋሱ ከበሩ በኩል ይገባል፣ ፓነሉ ምንም አያደርግለትም። ማሞቂያውን ወደ እግር አዙሩት፤ ሞቃቱ አየር ተጠርጎ ስለማይወጣ ከወገብ በታች ይቆያል። ማታ ከኋላ የመጣ መኪና መብራት በፓነሉ ላይ ሁለት ሆኖ ይታያል። ፓነሉን ከላይ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ወደ ኋላ ማዘንበል ነጸብራቁን ከመስታወቱ ያወጣዋል። ጥቁር ቀለም ያለው ፓነል ቀን ያምራል፣ ማታ ግን የኋላ እይታን ይበላል።

ለማጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ማይክሮፋይበር ጨርቅ። መጀመሪያ አቧራውን በውሃ አውርዱ፣ ከዚያ ያለ ጫና ጥረጉ፤ ደረቅ ጨርቅ በአቧራ ላይ ማለት የብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። የመስኮት ማጽጃ አሞኒያ ካለበት ፖሊካርቦኔትን፣ አልኮል ካለበት አክሪሊክን ያበላሻል። ፓነሉ ወልቆ ሲቀመጥ በጨርቅ ከረጢት ይሁን፣ ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ፤ በሞቃት የዕቃ መጫኛ ውስጥ ከባድ ነገር ከላዩ ከተጫነ በዚያው ጎብጦ ይቀራል።