የዲስኩ ጠርዝ ሸወደኝ

ሚስቴ «ፍሬን ስትይዝ መሪው ለምን ይንቀጠቀጣል?» ካለችኝ ሁለት ወር አልፏል። «መንገዱ ነው» ብዬ ዘጋሁት። በኋላ ግን ልጆቹን ይዘን ደብረ ማርቆስ ልንሄድ ሆነ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ያለውን ቁልቁለት የወረደ ያውቀዋል፤ እዚያ በፍሬን አይቀለድም። ቅዳሜ ጠዋት ክሪኬን አወጣሁ።

ብሎን ማላላቱን፣ ማንሳቱን፣ ከሥር ማስደገፉን ታውቁታላችሁ። የፍሬን ሸራው ገና ግማሽ ነው። ደስ ብሎኝ ጎማውን ልመልስ ስል ሸራው ጨብጦ የሚያቆመውን የብረት ዲስክ በጣቴ ዳሰስኩት። ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር አውጥቷል።

«የዲስክ ማለቅ በዓይን ይታወቃል» የምትሉ አላችሁ። እኔ አልስማማም። የእኔ ኮሮላ የፊት ዲስክ አዲስ ሲሆን 25 ሚሊሜትር ነው፤ 23 ሲደርስ ይጣላል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ስታጸዱት ቁጥሩ ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ሁለት ሚሊሜትር በየትኛው ዓይን ነው የሚለየው?

ቬርኒየሬን፣ ማለትም የውፍረት መለኪያዬን፣ ከጠርዙ አስገብቼ ለካሁ። 24.6። እንዴት ደስ አለኝ! ግን የለካሁት ሸራ የማይነካውን ከንፈር ነበር። የተበላው ከሱ ወደ ውስጥ ያለው ነው፤ የቬርኒየሩ አፍ ደግሞ ከንፈሩን አልፎ አይጨብጠውም።

መላው ሁለት ትናንሽ ሮንዴላ (የብሎን ቀለበት) ነው። በሳንቲም ሞክሬ ነበር፣ ቅርጹ ጎርባጣ ስለሆነ አስጠላኝ። ሮንዴላዎቹን ሸራው የሚረግጥበት ቦታ ላይ፣ ከዲስኩ ፊትና ኋላ አጣብቃችሁ አብራችሁ ትለካላችሁ፤ ከዚያ ውፍረታቸውን ትቀንሳላችሁ። 26.4 መጣ። ሮንዴላው 2 ሚሊሜትር ነው፣ ቀነስኩ፤ 24.4። ከመጀመሪያው ጋር ተቀራረበልኝና ጎማውን መልሼ ቡና ልጠጣ ገባሁ።

ሲኒውን እንደያዝኩ ነው ሮንዴላዎቹ ሁለት መሆናቸው ትዝ ያለኝ። 22.4! ሚስቴ ፊቴን አይታ «መንገዱ ነው?» አለችኝ።

ጎማውን ደግሜ ፈታሁ። ዲስኩን እያዞርኩ ስምንት ቦታ ለካሁ። አንዱ ጋ 22.4፣ ሌላው ጋ 22.5። መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ይሄ ልዩነት ነው።

አንድ መካኒክ «ቶርኖ ቤት ያስልጡት፣ እንደ አዲስ ይሆናል» አለኝ። ከልክ በታች የወረደን ዲስክ መላጥ ይባስ ማሳሳት ነው። የሳሳ ዲስክ ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ውፍረት የተረፈው ከሆነ ይላጥ፣ አልቃወምም። የድሮዋን መኪናዬን ግን ሳልለካ ሁለት ጊዜ አስልጫለሁ። ልጆቹም ውስጧ ነበሩ።

አሁን ግራና ቀኙን ከነሸራው ቀይሬያለሁ። አሮጌው ዲስክ በዝገት አልላቀቅ ሲለኝ በመዶሻ ስደበድበው ዋልኩ። ለካ ዲስኩ ላይ ያሉት የብሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፤ 8 ቁጥር ብሎን አስገብታችሁ እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ራሱ ይወጣል።

መሪው ዝም ብሏል። የኋላውን የፍሬን ታምቡር ግን እስካሁን አልከፈትኩትም።