የሥነ ጽሑፍ መደርደሪያውን እንዴት ሞላሁት

በዩኒቨርሲቲያችን ላይብረሪ ለሥነ ጽሑፍ ጥናት መጻሕፍት የመምረጥ ሥራ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያደረግኩት የአሳታሚዎችን ካታሎግ መሰብሰብ ነበር። ዛሬ ቢሆን ከዚያ አልጀምርም። ካታሎግ የሚያሳየው ዘንድሮ የሚሸጠውን ነው፤ ተማሪው ምን ፈልጎ አጥቶ እንደተመለሰ አይናገርም። ያኔ ይህ አልገባኝም ነበር። አዲስ የወጣ፣ ርዕሱ የሚስብ የሂስ ወይም የንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ባየሁ ቁጥር ምልክት አደርግበታለሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት በጀት በዚሁ አለቀ።

ዓመቱ ሲያልቅ የውሰት መዝገቡን ከፈትኩ። ከገዛኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ አንዴም አልወጡም። ደነገጥኩ። በኋላ ሳነብ ነገሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ፤ በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት አንድም ተዋሽ እንዳላገኙ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ወደ ተማሪዎቹ የመመረቂያ ጽሑፎች ዞርኩ። የዋቢ ዝርዝራቸውን አንድ በአንድ እያነበብኩ ከእኛ ካታሎግ ጋር አመሳከርኩ። አድካሚ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። ግን ይህን ያህል ያስተማረኝ ሥራ የለም። በተለይ አንድ ቃል ልቤን ነካው፦ «እንደተጠቀሰው»። ተማሪው የአንድን ታላቅ ሃያሲ ሐሳብ ይጠቅሳል፣ ያገኘው ግን ከሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ለምን? ዋናው እኛ ጋ ስለሌለ። እንደዚህ በሁለተኛ እጅ የተጠቀሱትን ሁሉ ሰብስቤ ስቆጥራቸው ያው ጥቂት መጻሕፍት ደጋግመው መጡ፤ የሁለተኛው ዓመት የግዢ ዝርዝሬ የተወለደው ከዚያ ነው። ማንም ላይብረሪ ይህን ማድረግ ይችላል፣ ጽሑፎቹ እዚያው ቤቱ ውስጥ ናቸው።

ሌላም ጉድለት አየሁ። ስለ አንድ ገጣሚ የተጻፉ አራት አምስት የሂስ መጻሕፍት አሉን፤ የገጣሚው ሙሉ ግጥሞች ግን የሉም። ተማሪው ግጥሙን ሳያነብ ስለ ግጥሙ ሊጽፍ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፦ መጀመሪያ ድርሰቱ፣ ሂሱ ቀጥሎ።

ድርሰቱ ሲባል ደግሞ የትኛው እትም የሚለው ጥያቄ ይከተላል። በሌላ የትምህርት ዘርፍ አዲሱ እትም አሮጌውን ይተካ ይሆናል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የሼክስፒርን «ንጉሥ ሊር» ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1608 የታተመው ቅጂ በ1623ቱ የሌሉ ወደ 300 የሚጠጉ መስመሮች አሉት፤ የ1623ቱም በበኩሉ በቀድሞው የሌሉ 100 ያህል መስመሮች ይዟል። አንዱ አዘጋጅ ሁለቱን አዋህዶ ያትማል፣ ሌላው ለየብቻ ያትማቸዋል። «አንድ አለን፣ ይበቃል» ብሎ ማለፍ ለዚህ ትምህርት አይሠራም። አሁን በየዘመኑ ዋና ዋና ለሆኑት ድርሰቶች ቢያንስ አንድ ማብራሪያና የጽሑፉን ታሪክ የያዘ እትም እገዛለሁ፤ ለክፍል ንባብ ደግሞ ቀለል ያለውን በብዛት።

ስለ ብዛት ካነሳሁ አይቀር፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚሰጥ የአጭር ጊዜ ውሰት ለመጣጥፍና ለግጥም ጥሩ ነው። ለረጅም ልብ ወለድ ግን አይሆንም። 500 ገጽ በሁለት ሰዓት ማን ያነባል? ለዚህ ነው የቅጂ በጀቱን ወደ ልብ ወለድ ያደላሁት።

ያልጠበቅኩት ፈተና የመጣው ከአመዳደቡ ነው። በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ሥነ ጽሑፍ በዋናነት በቋንቋ ይከፋፈላል። አማርኛ ከዓረብኛና ከዕብራይስጥ ጋር «ፒጄ» (PJ) በሚባለው የመደርደሪያ ምልክት ሥር ይገባል፣ ስዋሂሊና ሐውሳ «ፒኤል» ሥር፣ በእንግሊዝኛ የጻፈ አፍሪካዊ «ፒአር»፣ በፈረንሳይኛ የጻፈው ደግሞ «ፒኪው»። ስለዚህ የአፍሪካ ልብ ወለድ ፈልጋ የመጣች ተማሪ አንዱ መደርደሪያ ፊት ቆማ ያለን ያ ብቻ ይመስላታል። አንዷ «ምንም የላችሁም» ብላኝ ሄዳለች፤ መጻሕፍቱ ግን ሌላ ፎቅ ላይ ነበሩ። የመጻሕፍቱን የመደርደሪያ ምልክት መቀየር አልቻልኩም። በእያንዳንዱ ቦታ ሌሎቹን የሚጠቁም ወረቀት ለጠፍኩ፣ በካታሎጉ ላይም የርዕሰ ጉዳይ ቃላቱን አሟላሁ።

ትልቁን ስህተቴን ግን መናገር አለብኝ። ቦታ ሲጠብ አሥር ዓመት ያልተዋሱ የሂስ መጻሕፍትን ለማስወገድ ለየሁ። ካርቶን ውስጥ ከመግባታቸው በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «እስኪ ጠረጴዛዎቹን እይ» አለኝ። ለአንድ ሴሚስተር «ያነበባችሁትን ጠረጴዛ ላይ ተዉት» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን፤ ማታ ማታ የተተወውን እየመዘገብን መለስን። «የሞቱ» ያልኳቸው መጻሕፍት እዚያ ተዘርግተው አገኘኋቸው! ተማሪው አንድ ምዕራፍ ያያል፣ ማስታወሻ ይይዛል፣ ይሄዳል። ውሰት መዝገብ ላይ አይገባም። በዚያ ላይ የአንድ ድርሰት አቀባበል ታሪክ የሚጠናው የዚያ ዘመን አንባቢዎች ከጻፉት ነው፤ የ50 ዓመት ሂስ ሲያረጅ ራሱ የጥናት ምንጭ ይሆናል። ከለየኋቸው ውስጥ ያስወገድኩት ተደጋጋሚ ቅጂዎችንና ወረቀታቸው የተበላውን ብቻ ነው።

በጆርናል በኩል ነገሩ ቀለል ይላል። ጄስቶርና ፕሮጀክት ሚውዝ ሁለቱም የጥናት ጆርናሎችን በኢንተርኔት የሚያቀርቡ ስብስቦች ናቸው፤ ጄስቶር በጥንቶቹ ጥራዞች ጠንካራ ነው፣ የቅርብ ዓመታቱን ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚያገኙት። ከመመዝገባችሁ በፊት የትኛው ጆርናል ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው እንዳለ ተመልከቱ፣ የጎደለው ክፍተት ላይ ገንዘባችሁን አውሉ።

መምህራንን መጠየቅም ግዴታ ነው፤ ብቻ ሁሉንም ጠይቁ። አንድ ጊዜ በጣም ንቁ የሆኑ አንድ መምህር በየወሩ ዝርዝር ይልኩልኝ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ እገዛለሁ። እሳቸው ሲለቁ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ንድፈ ሐሳብ መደርደሪያ ይዤ ቀረሁ፤ ተውኔትና የቃል ግጥም ባዶ ነበሩ። አሁን ዝም ያሉት መምህራን ቢሮ ራሴ እሄዳለሁ፣ የኮርስ አውትላይናቸውን ይዤ።

ዘንድሮ የያዝኩት የትርጉም ሥራዎችን ነው። የአንድ ድርሰት ሁለት ሦስት ትርጉሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪዎች የሚያነሱት ክርክር ደስ ይላል። ካታሎጋችን ውስጥ ግን የብዙዎቹ ተርጓሚ ስም አልገባም ነበር፤ መጽሐፎቹን አንድ በአንድ እየገለጥኩ ስማቸውን እያስገባሁ ነው።