ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጋ ምት፦ የልምምድ ጥይት አመራረጥ ላይ የደረስኩበት

በ50 ሜትር ኢላማ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግረኝ የቆየው፣ ምቶቼ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘረጉበት ችግር ሰሞኑን በግልጽ ስለቀነሰ፣ ለዚህ ያበቃኝን ነገር ይህንኑ ስፖርት ለምትለማመዱ ላካፍላችሁ ወደድኩ። የምናገረው ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍል ስለሚባለው፣ በዓለም አቀፉ የኢላማ ተኩስ ደንብ በ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር ስለተፈቀደው ባለ 5.6 ሚሊሜትር ጥይት ብቻ ነው።

የጀማሪነቱን ዘመን ባጭሩ ልለፈው። አቋም፣ አተነፋፈስና የቃታ አሳሳብ ከአሰልጣኝ ጋር የሚሠሩ ናቸው፤ እነዚህ ሳይረጉ በጥይት ዓይነት መጨነቅ ትርፉ ወጪ ነው። በዚያ ደረጃ ላለ ተኳሽ የሚበቃው ሳይከሽፍ የሚተኮስ፣ ሳይሰነቀር የሚጎርስና ፍጥነቱ ከድምፅ በታች የሆነ ተራ ጥይት ነው።

ስለ ፍጥነቱ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍተኛ ፍጥነት አለው ተብሎ የሚሸጠው ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለውድድር የሚዘጋጀው ግን በአብዛኛው ከ320 እስከ 330 ሜትር ነው። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 340 ሜትር ስለሆነ፣ ፈጣኑ ጥይት ኢላማው ጋ ሊደርስ ሲል ከድምፅ በላይ ከነበረበት ፍጥነት ወደ ታች ይወርዳል፤ በዚያ መሸጋገሪያ ላይ የሚፈጠረው የአየር መናወጥ ደግሞ አረሩን ከመስመሩ ሊያነቃንቀው ይችላል። ብዙዎች ለማመን የሚቸገሩት፣ የጎን ነፋስ ይህን ፈጣን ጥይት ከዝግተኛው የበለጠ የሚገፋው መሆኑን ነው። ነፋስ የሚገፋው አረሩ በአየር ላይ በቆየበት ጊዜ ልክ ሳይሆን አየሩ እየጎተተ ባዘገየው ጊዜ ልክ ነውና፣ ጉተታው በሚያይልበት በድምፅ ፍጥነት አካባቢ የሚበረው ጥይት ብዙ ይዘገያል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የውድድር ዓይነቱ አረር 50 ሜትሩን ለመጨረስ 0.16 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ የምድር ስበት 12 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል። ከአንድ ሳጥን የወጡ ሁለት ጥይቶች በፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ቢለያዩ፣ ዝግተኛው ከፈጣኑ 7 ሚሊሜትር ያህል ወርዶ ያርፋል። በ50 ሜትር የጠመንጃ ኢላማ የ10 ነጥቡ ክብ ጠቅላላ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ነው፤ እንግዲህ ተኳሹ ምንም ሳያጠፋ የክቡ አብዛኛው ክፍል በጥይቱ አለመመሳሰል ብቻ ሊወሰድ ይችላል ማለት ነው። በርካሽ ሳጥን ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ማግኘት ደግሞ ብርቅ አይደለም።

የልዩነቱ አንዱ ምንጭ የጥይቱ አሠራር ነው። በዚህ ዓይነት ጥይት ባሩዱን የሚለኩሰው ቅመም የሚቀመጠው ከቀለሁ ግርጌ መካከል ሳይሆን ዙሪያውን ባለው ባዶ ጠርዝ ውስጥ ነው። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተሰራጨ አቀጣጠሉ ከምት ምት ይለያያል፤ የጠመንጃው መቺ መርፌ ቅመም በሌለበት ቦታ ከመታ ደግሞ ጥይቱ ጨርሶ ይከሽፋል። ስለዚህ ከአንድ ምርት ተደጋጋሚ ክሽፈት ካያችሁ፣ ያልከሸፉትም ጥይቶች በፍጥነት የተመሳሰሉ ይሆናሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ክሽፈቱ በየትኛውም ምርት ላይ የሚታይ ከሆነ ግን ጥይቱን ከመውቀስ በፊት መርፌውንና የጎረሰበትን ቦታ ንጽሕና መርምሩ። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሡ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ፣ ድምፁ ያለ ወትሮው ከደከመ ደግሞ ተኩሱን አቁሞ፣ ጠመንጃውን አራግፎ በርሜሉ ውስጥ የቀረ አረር አለመኖሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ይሁን የጥይቱ ለመለየት የረዳኝ ተወዳጅ መሣሪያዬ የፍጥነት መለኪያው፣ ማለትም ክሮኖግራፉ ነው። ጠመንጃውን በድጋፍ ላይ አሳርፌ እየተኮስኩ የእያንዳንዱን ምት ፍጥነትና ያረፈበትን ከፍታ ጎን ለጎን እመዘግባለሁ። ዝቅ ያሉት ምቶች ዝግተኞቹ ሆነው ከተገኙ ችግሩ ጥይቱ ነው፤ ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ ከፍታቸው ከተለያየ ግን ወደ አያያዜ፣ ወደ ድጋፉ ወይም ወደ ማነጣጠሪያው እመለሳለሁ። በርሜል ላይ የሚንጠለጠለውን መለኪያ አልመክርም፤ በርሜሉ ሲተኮስ የሚንቀጠቀጥበትን መንገድ ስለሚለውጥ ምቱ የሚያርፍበትን ቦታ ራሱን ያዛባል።

መለኪያ የሌለው ሰው በርቀት ሊፈትነው ይችላል። የማነጣጠር ስሕተት ከርቀቱ ጋር እኩል ስለሚያድግ በ25 ሜትር ግማሽ ይሆናል፤ ከፍጥነት ልዩነት የሚመጣው ከፍታና ዝቅታ ግን የበረራው ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለሚሄድ ወደ ሩብ ይወርዳል። በ25 ሜትር ያማረ ስብስብ፣ ማለትም ተጠጋግተው ያረፉ ምቶች፣ በ50 ሜትር በቁመት ብቻ ከተዘረጋ ፍጥነቱን ጠርጥሩ። በ25 ሜትር ተፈትኖ ጥሩ ነው የተባለን ጥይት ለ50 ሜትር ውድድር መግዛት የማልቀበለውም ለዚሁ ነው።

ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት እምነት፣ የሚመረጠው የንግድ ስም ሳይሆን የምርት ምድቡ፣ ማለትም በሳጥኑ ላይ የታተመው የባች ቁጥር ነው የሚል ነው። ስሙ አንድ የሆነ ጥይት ከባች ባች ይለያያል፤ አንድን በርሜል ያስደሰተ ባች ከዚያው ፋብሪካ የወጣውን ሌላ በርሜል ላይስማማው ይችላል። እንደ ኢሌይና ላፑዋ ያሉ አምራቾች ተወዳዳሪዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ሄደው የተለያዩ ባቾችን የሚያወዳድሩባቸው የመፈተኛ ማእከሎች የከፈቱት ያለ ነገር አይደለም። ጥይትን በሚዛን እየለዩ የሚደክሙ ወዳጆች ግን አሉኝ፤ ክብደቱ የተለየው በእርሳሱ ይሁን በቀለሁ ወይስ በባሩዱ ሚዛኑ ስለማይናገር፣ ያ ጊዜ ያለ ጥይት ቃታ መሳብን በመለማመድ ቢያልፍ ይሻላል ባይ ነኝ። እርግጥ ለዚያ ልምምድ መርፌው የበርሜሉን ጠርዝ እንዳይጎዳ የሚከላከል የጥይት ማስመሰያ ያስፈልጋል።

ባች ስታወዳድሩ በአንድ ባለ 5 ምት ስብስብ አትፍረዱ። ያው ጠመንጃና ያው ጥይት በ10 ምት የሚሠሩት ስብስብ በአማካይ ከ5 ምቱ በሩብ ያህል ይሰፋል፤ አነስተኛውና የተዋበው ስብስብ ብዙውን ጊዜ የዕድል ልጅ ነው። ከአንድ ጥይት ወደ ሌላው ስትሸጋገሩም የመጀመሪያዎቹን ምቶች አትቁጠሩ፤ አረሩ የተቀባው ሰምና ቅባት እንደ አምራቹ ስለሚለያይ በርሜሉ አዲሱን እስኪለምድ ምቱ ይዋዥቃል።

ለልምምድ የምመክረው ከውድድሩ ጥይት ጋር በፍጥነት የሚቀራረብ፣ ከአንድ ባች በብዛት የተገዛ መካከለኛ ደረጃ ነው፤ ከየሳጥኑ የተራረፈውን ደባልቆ መተኮስ ከየትኛውም ርካሽ ጥይት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ወደ ታች የወረደ ምት ስታዩ ምክንያቱን የምትለዩበት መንገድ አይኖራችሁም። በውድድሩ ጥይትም አልፎ አልፎ መለማመድ ተገቢ ነው፤ ይህን የምጽፈው እኔ ግን የተስማማኝን ባች ለትልቅ ቀን እያልኩ ቆልፌ፣ ሳልተኩስበት ወራት ማሳለፍ ገና አልተውኩም።

ያልፈታሁት የቅዝቃዜውን ነገር ነው። ሰሙ በብርድ ይጠጥራል፣ ባሩዱም ቀስ ብሎ ይነዳል፤ በሙቀት የመረጥኩት ባች በብርድ ጧት እንዲያው እኩል ይሄድ እንደሆነ በመለኪያው መመዝገብ የጀመርኩት ገና ነው። ጥይታችሁን ከመተኮሳችሁ በፊት በሙቅ መያዣ የምታቆዩ ካላችሁ፣ የፍጥነት ምዝገባችሁን ከእኔ ጋር ባስተያይ ደስ ይለኛል።