ሰዓት ተቀየረ አሉ

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲሁ ከፍቶኝ ነው የዋልኩት። ሐይቁ ዳር ሄጄ ትንሽ ተቀመጥኩና የጥቅምት ንፋስ ሲያስመርረኝ 11 ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። ስገባ ገና የእንግሊዝ ሊግ የምሳ ሰዓቱን ጨዋታ እየተጫወቱ ነው። "ሰዓት ተቀይሯል እኮ፣ የ11 ሰዓቱ ከዛሬ ጀምሮ 12 ነው" አለኝ በር ላይ የሚቆመው ልጅ።

እንግሊዞቹ ባለፈው እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል ማለት ነው። አሜሪካ ደግሞ ሁሌም በሳምንቱ ነው የሚከተለው፣ ስለዚህ ነገ ነው። ይሄን ሳስብ እማዬ ትዝ አለችኝ፣ ከዛ በኋላ ኳሱን ማን እንዳገባ እንኳን አላየሁም።

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት የግድግዳ ሰዓት አለ። አንዱ የኛ ነው። ሁለተኛውን ትንሹ ወንድሜ ወደ ዳላስ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ራሱ ሚስማር መትቶ የሰቀለው ነው፣ የዛን አገር ሰዓት ሞልቶ። እማዬ የፈረንጅ አቆጣጠር አትወድም፣ ግን አንድ ነገር ታውቃለች፣ ትልቁና ትንሹ ቆጣሪ አናት ላይ ሲገጣጠሙ ልጇ ምሳ ወጥቷል። እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት ነው። 10 ሰዓት ላይ ይፈላ የነበረውን ቡና ወደ ማታ ያዞረችው ለዚህ ነው፣ ጎረቤቶቿም ለሷ ብለው በዛ ሰዓት ነጠላቸውን ደርበው ይመጣሉ። አባዬ በህይወት እያለ የ2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር፣ አሁን ዜና አንባቢው ድምፁ ተዘግቶ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ስልኩ ስኳር እቃውን ተደግፎ ቆሞ ትንሹ ከዛ ሆኖ "አቦል ነው ቶና?" እያለ ይጠይቃል።

አባዬ ሰዓት ነገር ይወድ ነበር። ኃይሌ ሲድኒ ላይ በ1993 ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው እዛ መሽቷል እኛ ጋ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ያን ቀን ማንም ስራ እንዳልሰራ ሁሌ ያወራል። አልማዝ ሪዮ ላይ በ2008 የ10 ሺህ ሜትሩን ሪከርድ ስትሰብር ደግሞ እዛ ከጠዋቱ 11 አልፏል፣ እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ 11 አልፏል። የኛ አቆጣጠርና የሪዮ ቁጥሩ አንድ ነው፣ የነሱ ጠዋት እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ መሆኑ ብቻ ነው። "ሰዓታችን ገጠመ!" ብሎ የተነሳው ነገር አይረሳኝም።

ሐዋሳ በዓመት ውስጥ ቀኑ ረዘመ አጠረ ቢባል ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ ፀሐይ 12 ላይ ትወጣለች 12 ላይ ትገባለች፣ ማን ምን ብሎ ሰዓት ይቀይራል። ለንደን ግን ታህሳስ ላይ ብርሃኑ 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፣ እነሱ ቢቸግራቸው እረዳለሁ። ግን የፈረንጆቹ ክረምት የእናቴን ቡና ያንቀሳቅሳል።

አምና በዚሁ ሰሞን ቆጣሪዎቹ ገጠሙ፣ ስልኩ አልጮኸም። እማዬ ሲኒውን በማስታወሻ ወረቀት ከድና ጠበቀች፣ ጎረቤቶቹ ሁለተኛውን ጠጥተው ሄዱ፣ እሷ ፊቷ ጠቆረ፣ የሆነ ነገር ሆኗል ብላ። 3 ሰዓት ላይ ደወለ። ላስተካክለው ብዬ ወንበር ላይ ስወጣ "አትንካው! እሱ እንደሰቀለው ይቀመጥ" አለችኝ። ክረምታቸውን ሙሉ ሰዓቱ አንድ እየቀደመ፣ እሷ ቡናውን እያቆየች፣ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ እየቀሩ፣ መጋቢት ላይ እዛ ሲመልሱት ያለ ማንም እጅ ልክ ሆነ።

ነገ ዳላስ ለሊት 8 ሰዓት ሲሆን ነው የሚቀየረው፣ እኛ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት። እሷ ከገብርኤል አትመለስም ገና። ወንበሩ እዛው ነው። ብመልሰው ሰኞ ማታ በከንቱ አትደነግጥም። ግን የሱ እጅ የነካውን የመጨረሻ ነገር ነካሁባት ማለት ነው፣ ልታውቅም ትችላለች፣ እናት ናት። ምን ባደርግ ይሻላል?