የካውቦይ ባርኔጣ ያደረገ ሙሚና ሁለት ሽማግሌዎች

«ቡባ ሆ-ቴፕ» የሚባል ፊልም አለ። የወጣው በ2002 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ታሪኩን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ከራሴ የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። በፊልሙ፣ አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ አልሞተም። በ1977 የሞተው እሱን እያስመሰለ የሚዘፍን ሌላ ሰው ነው፤ ኤልቪስ ዝናው ሰልችቶት ቦታ ተቀያይረው ነበር። የተፈራረሙበት ወረቀት ተቃጥሏል፣ ስለዚህ ማንም አያምነውም። አሁን አርጅቷል፣ ዳሌው ተሰብሯል፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተኝቷል። እዚያው ያለ አንድ ጥቁር አዛውንት ደግሞ በ1963 ዳላስ ከተማ በጥይት የተገደለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ነኝ ይላል፤ ዳላስ ላይ ከተመታሁ በኋላ ቆዳዬን ቀለም ቀብተው እዚህ ጣሉኝ ባይ ነው። ማታ ማታ የካውቦይ ባርኔጣና ቦት ያደረገ የግብፅ ሙሚ (እንዳይበሰብስ ተደርጎ በጨርቅ የተጠቀለለ የጥንት ሬሳ) እየመጣ የሽማግሌዎቹን ነፍስ ይመጥጣል። በየት በኩል እንደሚመጥጥ እዚህ አልጽፍም።

ሀዋሳ ውስጥ ፊልም አብረን የምናይ ልጆች አለን። እሁድ ከሰዓት አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፣ ከዚያ ወደ ፍቅር ሐይቅ እየሄድን እንከራከራለን። ይሄኛው ክፉኛ አጨቃጨቀን። አብዛኞቹ ያሉት፣ ኮሜዲ ከሆነ ያስቀን፣ ሆረር ከሆነ ያስፈራን፣ ይሄ ግን የቱም አይደለም ነው። እኔ በዚህ አልስማማም፣ እዚያ በደንብ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር።

መጦሪያው ውስጥ ከኤልቪስ ጋር አንድ ክፍል የሚተኛው ሽማግሌ ይሞታል። ሬሳውን ሊወስዱ የመጡት ሁለት ሠራተኞች ይጥሉታል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ያስቃሉ። ብዙም ሳይቆይ የሟቹ ልጅ ዕቃውን ልትሰበስብ ትመጣለች። ለዓመታት ጠይቃው አታውቅም። ፎቶዎቹንና ጦር ሜዳ ቆስሎ ያገኘውን ሜዳሊያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ትጥላቸዋለች፣ ኤልቪስ አልጋው ላይ ሆኖ ለእኔ ስጪኝ ይላታል። ጎንበስ ስትል ቀሚሷ ይገለጣል፣ እሷ ግን ግድም የላትም፤ አልጋው ላይ ያለው ሽማግሌ ለእሷ ወንድ ቀርቶ ሰውም አይመስላትም። ይህ ቀልድ ነው ወይስ ሐዘን? ሁለቱም ነው፣ በአንድ ጊዜ። ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፣ የሟቹን ጨዋታ እያነሱ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ከዚያ ከሩቅ የመጣች እህት እየጮኸች ትገባና ሁሉም ያለቅሳል። ሳቁም ልቅሶውም የውሸት አይደለም።

ሙሚው መጦሪያውን የመረጠው እኮ እዚያ አንድ ሽማግሌ ቢሞት ለምን ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ዘንድ ነው የሚሄደው። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው እንጂ የሙሚው ፊት አይደለም።

ገንዘብ እንዳልነበራቸው በግልጽ ያስታውቃል። ወጪው 1 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው፣ ለሆሊዉድ ምንም ማለት ነው። ዳይሬክተሩ ዶን ኮስካሬሊ ነው፣ በ1979 «ፋንታዝም» የሚባለውን ሆረር ፊልም የሠራው ሰውዬ (የተወለደው ትሪፖሊ፣ ሊቢያ ነው)። ስለ ኤልቪስ የተሠራ ፊልም ሆኖ አንድም የኤልቪስ ዘፈን የለበትም፤ ፈቃዱ ውድ ነዋ። በምትኩ የፊልሙን ሙዚቃ የደረሰው የብራያን ታይለር ጊታር አለ፣ እኔ እንዲያውም ይሄን እመርጣለሁ፣ ዘፈኑን የተነጠቀ ሰው ታሪክ ስለሆነ። ሙሚውም ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ነው የሚታየው፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል። ካሜራ ተውሰው አጭር ፊልም የሚሠሩ የሀዋሳ ልጆች ያንን ኮሪደር ደጋግመው ቢያዩት ደስ ይለኛል። ሲወጣም 32 ኮፒ ብቻ ነበረው፣ ከፌስቲቫል ፌስቲቫል እየዞረ ነው የታየው።

ፊልሙን የተሸከሙት ተዋናዮቹ ናቸው። ብሩስ ካምቤል ኤልቪስን አያላግጥበትም፣ የደከመ ሰው አድርጎ ነው የሚጫወተው። ኬኔዲ ነኝ የሚለው ኦሲ ዴቪስ ነው፣ በ1965 በጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ በማልኮም ኤክስ ቀብር ላይ የስንብት ንግግር ያደረገው። ይሄን ፊልም ሲሠራ ዕድሜው ከ80 አልፎ ነበር። ያንን ሁሉ የማይታመን ወሬ ፊቱ ሳይፈታ፣ በክብር ይናገረዋል፣ እናም ታምነዋለህ።

ድክመት የለውም አልልም። መሃሉ ይጎተታል። ኤልቪስ በልቡ የሚያወራው በዝቷል፣ ፊቱ ላይ ያየነውን ነው የሚደግምልን። የመጨረሻው ፍልሚያም ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ በኤሌክትሪክ ዊልቸር፣ አንዱ ብረት ምርኩዙን እየገፋ ነው ሙሚው ላይ የሚዘምቱት። ጓደኞቼ ይሄንን ከድክመቱ ይቆጥሩታል። እኔ ግን እነዚህ ሰዎች እየዘለሉ ቢዋጉ ፊልሙን እዘጋው ነበር። እየወደቁ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው የሚገጥሙት፣ የሚያምረውም ለዚህ ነው።

ከቤተሰብ ጋር ግን አትክፈቱት። ስድቡና ብልግናው ብዙ ነው፣ ልጆች ባሉበትማ ጭራሽ አይሆንም።