ማገዶውን ለእኛ ይተዉልን

ከ3 ዓመት በፊት ግንቦት ላይ ሁለት ጎረምሶች ባሕር ዳር ያለውን የእናቴን ቤት አንኳኩ። አንዱ ገጀራ ይዟል፣ ሌላው መጥረቢያ። «እትዬ፣ ዛፉ ቤቱን አጨለመብዎት እኮ። እንቁረጥልዎት? ብር አንፈልግም፣ ማገዶውን ብቻ ለእኛ ይተዉልን።»

እናቴ በነጻ ሲባል ትወዳለች። እውነቱን ለመናገር እኔም እወዳለሁ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣሁ ስለነበር አልሰማሁም ብዬ ማምለጥ አልችልም። እሺ አልናቸው።

ግቢው ትንሽ ነው። አንድ ማንጎ፣ አንድ አቮካዶ፣ አጥሩ ጥግ ሁለት ግራቪሊያ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ጌሾ። ማንጎውን የተከለው አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አይካድም። በባዶ እግራቸው ወጥተው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሱት። ማንጎው ሦስት ወፍራም ክንድ ብቻ ቀረው። ቅጠል የሚባል ነገር የለም። ግራቪሊያዎቹ አናታቸው ተቆርጦ የስልክ እንጨት መሰሉ። አቮካዶውን ግን አልነኩትም። ለምን ተዋችሁት ስላቸው አንደኛው ሳቀና «እሱ እንጨቱ ቀላል ነው፣ እሳት አይዝም» አለኝ።

ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ደመወዙ ማገዶ የሆነ ሰው ዛፉን የሚያየው እንደ ማገዶ ነው። በልጆቹ አልፈርድም፣ ያሉትን ነው ያደረጉት። ብዙ በቆረጡ ቁጥር ብዙ ያገኛሉ። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ትንሽ ተቆርጦ ብዙ እንዲቀር ነበር። ውሉ ገና ከበር ላይ ተበላሽቷል።

እዚህ ላይ የእኛ የጎጃሞች ልማድም አለበት። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ለዓመታት ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ሲተክል፣ በ4 በ5 ዓመቱ ቆርጦ ሲያከስል፣ መሬቱን ሲያርስ፣ መልሶ ሲተክል ኖሯል። ባሕር ዛፍም ያው ነው፣ ቆርጠኸው ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እዚያ መቁረጥ ማለት አጨዳ ማለት ነው፣ እንደ ጤፍ። ስለዚህ ዛፍ ቆራጭ ስንል ወደ ልባችን የሚመጣው በአንድ ቀን ብዙ የሚጥል ሰው ነው። የግቢ ዛፍ መግረዝ ግን ሌላ ሙያ መሆኑን እኔ ያወቅኩት ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ዛፎቹ አቆጠቆጡ። ከእያንዳንዱ ጉማጅ ጫፍ ላይ ሃያ ሠላሳ ቀንበጥ እንደ ጎፈሬ ብቅ አለ። እናቴ ደስ አላት። «አየህ፣ ታደሰ!» አለችኝ። እኔም ታድሶ ነው የመሰለኝ። ለካስ ዛፉ እየተራበ ነው። ምግቡን የሚሠራበት ቅጠል ድንገት ስለተወሰደበት ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ቅጠል ለመተካት እየተሯሯጠ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ማንጎው አንድ ፍሬ አልሰጠንም። ማንጎ የሚያብበው በበሰሉ ቀንበጦች ጫፍ ላይ ነው፣ ጫፉን ሁሉ ከወሰድከው የት ያብብ? በምዕራብ በኩል ያለው ክንዱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በጥላ ኖሮ ድንገት ለከሰዓት ፀሐይ ስለተጋለጠ ልጡ ተሰነጣጥቆ መላጥ ጀመረ።

የግራቪሊያው ነገር የባሰ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ፣ ያ ከዝናብ በፊት የሚመጣው ንፋስ ሲነሳ፣ ሌሊት ጣራው ላይ የቦንብ ያህል ጮኸ። ብንወጣ እንደ ክንዴ የወፈረ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን ቀዶ ተኝቷል። ከተቆረጠው አናት ላይ የበቀለው ነበር። ገና ከጅምሩ ከግንዱ ጋር አብሮ ያደገ ቅርንጫፍ ሥሩ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል። ከጉማጅ ጫፍ ላይ የሚበቅለው ግን ከልጡ ሥር ብቻ ተለጥፎ ነው የሚወፍረው። ሲከብድና ንፋስ ሲያገኘው ይገነጠላል። በነጻ ያስቆረጥነው ዛፍ በመጨረሻ የስድስት ቆርቆሮ ዋጋ አስከፈለን፣ ከሚስማሩና ከሠራተኛው ጋር።

ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤታችን አንድ ሰው የጠቆመችን። ስማቸውን አልጽፍም፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ብዙ ዓመት ችግኝ ጣቢያ የሠሩ ሰው ናቸው። ሲመጡ የእጅ መጋዝ፣ የዛፍ መቀስና ረጅም ገመድ ይዘዋል። ገጀራ የለም። መጀመሪያ ቀን ምንም አልቆረጡም፣ ዝም ብለው ዛፉን ዞሩት፣ አንጋጠው አዩ፣ ግንዱን በመጋዙ እጀታ ኳ ኳ አደረጉ፣ ከዚያ እናቴን «እትዬ፣ ከዚህ ዛፍ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አሏት። እናቴ ግራ ገባት። ጥላ? ፍሬ? ብርሃን? ሦስቱንም አለች። «እንግዲያው 3 ዓመት ይስጡኝ» አሏት። በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ሩቡን ያህል ቢነሳ ነው፣ ከዚያ አላልፍም አሉ። ለተጎዳ ዛፍ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

እናቴ መቼም ዝም አትልም። «የቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ታዲያ ማን ይገርዘዋል? ወይራውም ዝግባውም ማንም ሳይነካው ይኸው ስንት ዘመኑ!» አለቻቸው። ጋሼ ሳቁ። «እሱ ሥር ቆርቆሮ የለም፣ ሽቦም የለም። የደረቀውን ራሱ ይጥለዋል። መገረዝ የሚያስፈልገው ለዛፉ መች ሆነ፣ አጠገቡ ለምንኖረው ለእኛ ነው።» ይህቺ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

አሁን ስለ አቆራረጡ ልንገራችሁ፣ ዋናው ሙያ እሱ ስለሆነ። ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አተኩራችሁ ብታዩ ትንሽ ያበጠ፣ ቆዳው የተጨማደደ ነገር አለ። ጋሼ አንገትጌ ይሉታል፣ እውነትም የሸሚዝ አንገትጌ ይመስላል። ያ እብጠት የግንዱ እንጂ የቅርንጫፉ አይደለም። መጋዙ ከእሱ ውጭ፣ ጥግ ላይ ማረፍ አለበት። ከግንዱ ጋር እኩል ልሙጥ አድርገህ ከቆረጥከው አንገትጌውንም ስለምትወስደው ቁስሉ ይሰፋል፣ ብስባሹ ግንዱ ውስጥ ይገባል። አርቀህ ጉማጅ ከተውክ ደግሞ ጉማጁ ይደርቅና እሱም በተራው ይበሰብሳል። እኛ ግቢ የመጡት ልጆች የተዉት በሙሉ ጉማጅ ነበር።

ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ከላይ ጀምረህ ስትሰነጥቀው ግማሽ ላይ በራሱ ክብደት ይሰበርና የግንዱን ልጥ እስከ ታች ገፎት ይወርዳል። ጋሼ ሦስት ጊዜ ነው የሚቆርጡት። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ርቀው ከሥር ወደ ላይ፣ ውፍረቱን ሲሶ ያህል። ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ አለፍ ብለው ከላይ ወደ ታች፣ ያኔ ቅርንጫፉ ልጥ ሳይገፍ ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረችውን አጭር ጉማጅ አንገትጌው ጋ ያነሷታል። ጣራው ላይ የተንጠለጠለውን የማንጎ ክንድ ግን መጀመሪያ በገመድ አስረው፣ ገመዱን በሌላ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈው፣ ጫፉን ለእኔ አስይዘው ነው ያወረዱት። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን። አንድ ቆርቆሮ አልተነካም።

ከተቆረጠ በኋላ እናቴ ከበር ቀለም የተረፈ ጣሳ ይዛ ብቅ አለች፣ ቁስሉን ልትቀባ። ጋሼ ከለከሏት። እኔም አላመንኩም ነበር፣ በኋላ ሳነብ ግን አሌክስ ሺጎ የሚባል አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በመጋዝ እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አይቶ የደረሰበት ይኸው ነው። ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉ አይሽርም፣ የተጎዳውን ክፍል አጥሮ ይዘጋውና ከላዩ አዲስ እንጨት ይደርብበታል። ቀለም መቀባቱ መበስበሱን አያስቀርም፣ አንዳንዴም እርጥበቱን አፍኖ ያስቀርበታል። ቀለም የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነበር። ፀሐይ የመታውን የማንጎውን ክንድ ጋሼ ኖራ በውሃ በጥብጠው ነጭ ቀቡት፣ ነጩ ፀሐይን ስለሚመልስ።

መጋዛቸውን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲያልፉ በአልኮል ይጠርጉታል፣ በሽታ እንዳይተላለፍ። አረቄ አይሆንም ወይ ብዬ ቀለድኩ። «70 ከመቶ ያለው ነው የሚፈለገው፣ አረቄው ለእኔ ይሁን» አሉኝ። ሥራው እስኪያልቅ ግን አልቀመሱም። ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው አይጠጣም።

አንዱን ግራቪሊያ ግን እምቢ አሉ። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦውን ይነካል። እርጥብ እንጨት መብራት ያስተላልፋል፣ ቤት የሚገባው 220 ቮልት ራሱ ሰው ይገድላል፣ ምሰሶው ላይ የሚያልፈው 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ከሆነማ ሳትነካውም ቀርበኸው ሊመታህ ይችላል። እነዚያ ልጆች ከሽቦው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ገጀራ ሲያወዛውዙ እኔ ሁለተኛውን ቡና እየጠጣሁ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይቀፈኛል። ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግረን መስመሩ ከተቋረጠ በኋላ ነው የተነሳው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ማንጎ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው፣ ዝናብ ጋብ ባለ ቀን። ዘግይተህ አበባው ሊወጣ ሲል ከቆረጥክ የዓመቱን ፍሬ አብረህ ጣልከው። ውስጡን ብርሃንና አየር እንዲያገኝ መሳሳቱ ለዚያ ቅጠሉን ነጭ ነጥብ በነጥብ ለሚያደርገው የማንጎ ተባይም አይመቸውም። ግራቪሊያውን በበጋ ሠሩት። የደረቀና የተሰበረ ግን ቀጠሮ የለውም፣ ባየኸው ቀን ይነሳል። ከጎፈሬው ደግሞ በየጉማጁ አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ ቀንበጥ እየመረጡ ሌላውን በየዓመቱ ያሳሱታል። አሰልቺ ሥራ ነው። መልምሎ መሄድ ይቀላል።

ክፍያው? ጋሼ ከሁለት ቀን ሠራተኛ የሚበልጥ ይጠይቃሉ፣ ማገዶውንም አይወስዱም። «የምወስድ ከሆነ እጄ ይሳሳታል» ይላሉ።

ዘንድሮ ማንጎው ፍሬ ያዘ። ብዙ አይደለም፣ አንድ ዘንቢል አይሞላም። እናቴ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ስታዳርስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ በር ተንኳኳ። ሌሎች ልጆች ናቸው፣ ንግግሩ ግን ያው ነው፣ ዛፉ አጨለመብዎት፣ ማገዶውን ለእኛ። እናቴ ጋሼ ቆርጠው ጥግ ላይ የከመሩትን እንጨት አሳየቻቸው።

«ማገዶው ያውላችሁ፣ ግቡና ውሰዱ» አለቻቸው። «ገጀራውን ግን እደጅ አስቀምጡልኝ።»